ናንዪን በሲንጋፖር፦ ዘፈኑን አሳጥሮ መሣሪያውን ያልነካ ማኅበር (የጉዳይ ጥናት)

ለምን ይህ ጉዳይ

ከአገር ርቀው ስለሚኖሩ ማኅበረሰቦች ሙዚቃ የሚጻፈው አብዛኛው ነገር ወይ ለቅሶ ነው ወይ ምርቃት። አንዱ «ባህላችን ሊጠፋ ነው» ይላል፤ ሌላው የሕፃናት ፎቶ ለጥፎ «ተረካቢ አለን» ይላል። ማን ምን ወሰነ፣ ምኑን ያዘ፣ ምኑን ለቀቀ የሚለው ጥያቄ በሁለቱ መካከል ተውጦ ይቀራል። በሲንጋፖር የሚኖሩ የፉጂያን ተወላጆች ናንዪን የተባለውን ጥንታዊ ሙዚቃቸውን ይዘው የተጓዙበት መንገድ ግን ውሳኔዎቹ ቁልጭ ብለው የሚታዩበት ነው። ዓላማዬ እነዚያን ውሳኔዎች በቅደም ተከተል አስቀምጦ የትኛው እንደ ሠራና የትኛው እንዳልሠራ ማሳየት ነው።

ማኅበሩን በስሙ እጠራለሁ፤ ግለሰቦቹን ግን በሥራ ድርሻቸው ብቻ እጠቅሳለሁ። ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ዳራ

ናንዪን የደቡብ ፉጂያን ሙዚቃ ነው። ፉጂያን በቻይና ደቡብ ምሥራቅ ጠረፍ የሚገኝ ክፍለ ሀገር ሲሆን የሙዚቃው እምብርት የቹዋንዡ ከተማ ናት። ቹዋንዡ በሶንግና በዩዋን ሥርወ መንግሥታት ዘመን የታወቀች የዓለም ንግድ ወደብ ነበረች፤ ዩኔስኮ በ2021 በዓለም ቅርስነት የመዘገባትም በዚሁ ታሪኳ ነው። የአካባቢው ሰዎች ወደ ታይዋን፣ ወደ ፊሊፒንስ፣ ወደ ማላያና ወደ ኢንዶኔዢያ ደሴቶች ሲሻገሩ ናንዪን አብሯቸው ተሻገረ። በሲንጋፖር ሆክየን እየተባሉ የሚጠሩት እነዚሁ ሰዎች ከአገሪቱ ቻይናውያን መካከል በቁጥር ትልቁ ወገን ናቸው። በቴሎክ አየር ጎዳና ላይ ያለውን የቲያን ሆክ ኬንግ ቤተ መቅደስ ከ1839 እስከ 1842 ያሠሩት እነሱ ሲሆኑ፣ ያሠሩትም መርከበኞችን ትጠብቃለች ለሚሏት ለማዙ ነው።

ናንዪን በባሕሉ የቡድን ሙዚቃ እንጂ የመድረክ ሙዚቃ አልነበረም። ተጫዋቾቹ አማተር ናቸው፤ በዚህም ይኮራሉ። ቀን ነጋዴ ወይም ጸሐፊ የሆነ ሰው ማታ ወደ ማኅበሩ ቤት ይመጣል፣ ሻይ ይቀዳለታል፣ መሣሪያውን አንሥቶ ከቀሩት ጋር ይቀመጣል። ገንዘብ ተቀብሎ መጫወት ክብር የሚቀንስ ነገር ነበር። የሙያው ሰዎች አባቶቻቸው በንጉሠ ነገሥት ካንግሺ ፊት ተጫውተው ቢጫ የክብር ጥላ እንደ ተሸለሙ ይተርካሉ። ዛሬም በትልልቅ ዝግጅቶች ላይ ከተጫዋቾቹ ኋላ ጥላ ይተከላል። በፀደይና በመኸር ደግሞ የሙያው ጠባቂ አድርገው ለሚያከብሩት ለጥንቱ የሹ ንጉሥ ለሜንግ ቻንግ ሥርዓት ያደርጋሉ።

ሲዮንግ ሌንግ የሙዚቃ ማኅበር የተመሠረተው በ1941 ነው፤ ጃፓን ሲንጋፖርን ልትይዝ ጥቂት ወራት ሲቀሩ ማለት ነው። መሥራቾቹ ቀድሞ ከነበረ ሌላ የናንዪን ማኅበር የወጡ ሰዎች ነበሩ። ለሦስት ዐሥርት ዓመታት ያህል እንደ ሌሎቹ ማኅበራት ሲጫወት ኖረ፤ የዚህ ጥናት ጉዳይ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው።

አምስቱ መሣሪያዎች

ውሳኔዎቹን ለመረዳት ይህ ሙዚቃ እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ ያስፈልጋል፤ ስለዚህ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

ዘፋኙ መካከል ይቀመጣል። እጁ ላይ ፓይባን አለ፤ በገመድ የተያያዙ አምስት የጠንካራ እንጨት ሳንቃዎች ናቸው። ሲዘፍን ምቱን የሚመታው ራሱ ነው። በአንድ ወገኑ ፒፓና ሳንሺየን፣ በሌላው ወገኑ ዶንግሺያውና ኤርሺየን ይቀመጣሉ። ፒፓ ባለ አራት አውታር መሣሪያ ነው፤ ዛሬ በቻይና ኦርኬስትራ ውስጥ የሚታየው ፒፓ ጭን ላይ ቀጥ ብሎ ሲቆም፣ የናንዪኑ ግን አግድም ተይዞ ይመታል። በታንግ ዘመን ሥዕሎች ላይ የሚታየው አያያዝ ይኸው ነው። ሳንሺየን ሦስት አውታር አለው፤ አንገቱ ረጅም፣ ሆዱ በእባብ ቆዳ የተለበጠ ነው፤ ፒፓውን በወፍራም ድምፅ ይከተላል። ዶንግሺያው ቁመቱ 60 ሴንቲ ሜትር የሚጠጋ፣ ቀጥ ተደርጎ ከጫፉ የሚነፋ የቀርከሃ ዋሽንት ነው። ቀርከሃው ዝም ብሎ አይቆረጥም፤ ዘጠኝ አንጓ ሊኖረው ይገባል፣ ሥሩም ወፍራም መሆን አለበት። ኤርሺየን በቀስት የሚጫወቱት ባለ ሁለት አውታር ሲሆን በቅርጹ የታወቀውን ኤርሁ ይመስላል፤ ፊቱ ግን እንደ ኤርሁ የእባብ ቆዳ አይደለም፣ ስስ እንጨት ነው። ድምፁም ስለዚህ ደረቅና ቀጭን ነው።

የሥራ ክፍፍሉ ይህ ነው፦ ፒፓና ሳንሺየን የዜማውን አጥንት ይሰጣሉ፣ ዶንግሺያውና ኤርሺየን ሥጋ ያለብሱታል። ይህን አነጋገር የፈጠርኩት እኔ አይደለሁም፤ ባለሙያዎቹ ራሳቸው የሚሉት ነው። መሪው ፒፓው ነው። እሱ አንድ ድምፅ ሲመታ ዋሽንቱ በድምፁ ዙሪያ ይጠመዘዛል፣ ኤርሺየኑም የዋሽንቱን ትንፋሽ ይከተላል።

የጽሑፍ ኖታ አላቸው፤ ጥንታዊ ነው፣ ከቀሪዋ ቻይናም የተለየ ነው። ከግጥሙ ቃል አጠገብ የድምፁ ፊደል፣ ከእሱ አጠገብ የፒፓው የጣት ምልክት፣ ከዚያ የምቱ ምልክት ይጻፋል። የዋሽንቱ መጠምዘዝ ግን አይጻፍም፤ የዘፋኙም ማጌጫ አይጻፍም። እኛ ዘንድ ድጓ ላይ ድፋትና ቅናት፣ ይዘትና ርክርክ ተጽፈው ሳሉ ዜማውን ከመምህር አፍ ያልሰማ ሰው ምልክቶቹን እንደማያዜማቸው ሁሉ፣ የናንዪን መጽሐፍም መምህር ለሌለው ሰው አይናገርም። ችግሩ ሲመጣ ይህ ነጥብ ከሁሉ በላይ ከባድ ሆኗል።

ዘፈኑ የሚዘፈነው በቹዋንዡ አነጋገር ነው። ሲንጋፖር ውስጥ በገበያ የሚነገረው ሆክየን ከዣንግዡና ከሺያመን አነጋገር ጋር የተቀላቀለ፣ የማላይ ቃላትም የገቡበት ነው። ስለዚህ በቤቱ ሆክየን የሚናገር ልጅ እንኳ ለናንዪን ሲቀመጥ ቃላቱን እንደ አዲስ መማር ነበረበት።

ችግሩ

ችግሩ በአንድ ቀን አልመጣም፤ አንድ ቀን ግን ሊጠቀስ ይችላል። ሴፕቴምበር 7 ቀን 1979 የሲንጋፖር ጠቅላይ ሚኒስትር ማንዳሪን (መደበኛውን የቻይና ቋንቋ) የመናገር ዘመቻን በይፋ ከፈቱ። የመጀመሪያው መፈክር ማንዳሪን አብዙ፣ የአካባቢ ቋንቋ ቀንሱ የሚል ነበር። የመንግሥት ምክንያት የሚገባ ነው፦ ልጆች በትምህርት ቤት እንግሊዝኛና ማንዳሪን ይማራሉ፣ ቤት ሲገቡ ደግሞ ሦስተኛ ቋንቋ ይጠብቃቸዋል፤ ያ ሦስተኛው ሸክም ነው ተባለ። በተከታዮቹ ጥቂት ዓመታት በሆክየን፣ በካንቶኒዝና በቴዮቹ ይተላለፉ የነበሩ የቴሌቪዥንና የሬዲዮ ዝግጅቶች ተራ በተራ ቆሙ። አረጋውያን የሚያደምጧቸው የሬዲዮ ተራኪዎች ሳይቀሩ ዝም አሉ።

የቆጠራው ውጤት ፈጣን ነበር። በ1980 ከ10 የቻይናውያን ቤተሰቦች 8ቱ በቤታቸው ከእነዚህ ቋንቋዎች አንዱን ይናገሩ ነበር። በ1990 ቁጥሩ ወደ ግማሽ ወረደ፤ በ2000 ከሲሶ በታች ሆነ። ቦታውን ማንዳሪን ብቻ አልወሰደውም። በ2020 ቆጠራ ከአምስት ዓመት በላይ ከሆናቸው የአገሪቱ ነዋሪዎች 48.3 በመቶው በቤት አዘውትረው የሚናገሩት እንግሊዝኛ መሆኑ ታይቷል።

ናንዪንን የከለከለ ሕግ አልነበረም፤ ይህ መሰመር አለበት። ማኅበሩ ሲጫወት ማንም በሩን አላንኳኳም። የተወሰደበት ጆሮው ነው። ቃሉን የሚሰማ ወጣት ከሌለ አራት መሣሪያዎች በአንድ ዘፋኝ ዙሪያ ተቀምጠው የሚሠሩት ሥራ ትርጉሙ ይደበዝዛል።

ሁለተኛ ችግርም ነበር፤ ብዙ ጊዜ አይነሣም እንጂ እኔ ከመጀመሪያው ያነሰ አይመስለኝም። ይህም ሌላው የቻይና ሙዚቃ ነው። ከሃያኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ጀምሮ «የቻይና ኦርኬስትራ» የሚባለው አደረጃጀት ተስፋፋ፤ ኤርሁዎች እንደ ቫዮሊን ተደርድረው፣ ቀጥ ያለው ፒፓ በብረት አውታር ተወጥሮ፣ መሪ ከፊት ቆሞ የሚጫወቱት ትልቅ ቡድን ነው። በሲንጋፖር ትምህርት ቤቶችና የሕዝብ ማዕከላት ውስጥ ይኸው ተስፋፋ፤ በ1990ዎቹ ደግሞ በመንግሥት የሚደገፍ ብሔራዊ ቡድን ሆነ። ልጄ የቻይና መሣሪያ ይማርልኝ ያለ ወላጅ ልጁን የሚወስደው ወደዚያ ነው። ከውጭ ለሚያይ ሰው ሁለቱም «የቻይና ባህላዊ መሣሪያ» ናቸው። ቅኝታቸው፣ አያያዛቸው፣ ኖታቸውና ቋንቋቸው ግን ይለያያል፤ በአንዱ ፒፓ የሠለጠነ ልጅ ሌላውን ሲያነሣ እንደ ጀማሪ ነው። ታናሹ ወንድም ከባዕድ ሙዚቃ ይልቅ በታላቁ ወንድሙ ተሸፈነ።

በሦስተኛ ደረጃ የምንጩ አገር ነበረ። ከ1966 እስከ 1976 ባለው የባህል አብዮት ዘመን በፉጂያን ናንዪን እንደ አሮጌው ሥርዓት ቅሪት ተቆጥሮ ተዳፍኖ ነበር። ሲንጋፖርና ቻይናም እስከ 1990 ድረስ ዲፕሎማሲያዊ ግንኙነት አልነበራቸውም። መምህር ከአገር ቤት ማስመጣት ቀላል ነገር አልነበረም።

የተወሰዱ እርምጃዎች

በ1970ዎቹ የማኅበሩ ሊቀመንበር የሆኑት ሰው በንግድ ዓለም የኖሩ፣ ግጥም የሚጽፉ፣ በወጣትነታቸው ከፉጂያን የመጡ ነበሩ። ጠባያቸው ከሚያሳዝነው ነገር ላይ የሚቆዝም አልነበረም ማለት ይቻላል፤ ሥራቸው እንደዚያ ያሳያል።

የመጀመሪያው እርምጃ ከዘመቻው በፊት የተወሰደ ነው። በ1977 ማኅበሩ ከደቡብ ምሥራቅ እስያና ከሌሎች ቦታዎች የናንዪን ቡድኖችን ጠርቶ በሲንጋፖር ታላቅ ጉባኤ አደረገ። ጊዜውን ልብ በሉ፤ ቹዋንዡ ራሷ ዓለም አቀፍ የናንዪን ጉባኤ የጠራችው በ1981 ነው። የተበተኑት ቀድመው ተሰበሰቡ። ጉባኤው ገበያ አልፈጠረም፣ አዲስ አድማጭም አላመጣም ይሆናል። ነገር ግን በማኒላ፣ በታይዋንና በማሌዢያ ያሉት ተጫዋቾች አንዱ የሌላውን አጨዋወት እንዲሰማ አደረገ። መምህሩ በጽሑፍ የማይገኝበት ሙዚቃ ለሚጫወት ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም፤ አንዱ ማኅበር የረሳውን መጠምዘዝ ሌላው ሊያስታውሰው ይችላል።

ሁለተኛው እርምጃ አከራካሪው ነው፦ ዘፈኖቹን ማሳጠር። በጥንቱ ልማድ አንድ ዘፈን ግማሽ ሰዓት ሊወስድ ይችላል። አንዲት ቃል በረጅም ትንፋሽ ተስባ፣ ዋሽንቱ እየዞራት፣ ፓይባኑ በየስንት ጊዜው አንዴ እየመታ ይኬዳል። ሊቀመንበሩ ጥቂት ደቂቃ የሚወስዱ አጫጭር ዘፈኖች እንዲሠሩ አደረጉ። ግጥሙን እሳቸው ይጽፋሉ፤ ከፉጂያን የመጣ አንድ የዜማ ባለሙያ ጥንታዊውን የዜማ ስልት ጠብቆ ያሰናኘዋል። የግጥሞቹ ጉዳይም ተለወጠ። የጥንቶቹ ዘፈኖች አብዛኞቹ ስለ ፍቅርና ስለ መለየት ናቸው፤ የቼን ሳንና የዉ ኒያንግን የመሰሉ፣ አድማጩ ታሪኩን አስቀድሞ የሚያውቃቸው። አዲሶቹ ስለ ዛሬው ኑሮና ስለ አዲሲቱ አገራቸውም ተናገሩ።

እዚህ ላይ ያልተለወጠውን መመልከት ያስፈልጋል። መሣሪያዎቹ እነዚያው አምስቱ ነበሩ። አቀማመጡ ያው ነበር። አነጋገሩ የቹዋንዡ አነጋገር ሆኖ ቀረ። ሙዚቃውን ወደ ማንዳሪን መገልበጥ ቀላሉ መንገድ ነበር፤ ገንዘብም አድማጭም ይዞ ሊመጣ ይችል ነበር። ያን አላደረጉም። ምክንያቱ ወግ አጥባቂነት ብቻ አይመስለኝም። የናንዪን ዜማ ከቃሉ ድምፅ ጋር ተሸምኖ የተሠራ ነው፤ የቃሉ ከፍታና ዝቅታ፣ በጉሮሮ ወይም በከንፈር የሚዘጋው መጨረሻው ዜማውን ይቀርጸዋል። ማንዳሪን እነዚያ በድንገት የሚዘጉ መጨረሻዎች የሉትም። ቃሉን ብትለውጠው ዋሽንቱ የሚዞርበት ነገር ይጠፋል።

ሦስተኛው እርምጃ ወጣቶችን ማሠልጠን ነው፤ ከሙዚቃው ጎን የዚያው አካባቢ የሆነው የሊዩዋን ኦፔራም ተሰጣቸው። የሊዩዋን ኦፔራ ዜማው ከናንዪን ጋር የሚቀራረብ ስለሆነ አንዱን የያዘ ወጣት ወደ ሌላው ለመግባት ይቀለዋል። እንቅስቃሴና አልባሳት ያለው ነገር ደግሞ ለሰዓታት ተቀምጦ ከመምታት ይልቅ ወጣትን ይስባል።

አራተኛው ያልተጠበቀ ነበር። በ1983 ማኅበሩ በዌልስ ወደምትገኘው ላንጎሌን ወደ ዓለም አቀፉ የሙዚቃ ውድድር ሄደ። በባህላዊ ዘፈን በነጠላ ድምፅ ሦስተኛ፣ በመሣሪያ ቡድን አራተኛ ወጣ። ውድድሩ ከ1947 ጀምሮ የሚካሄድ ነው፤ ዌልስም ራሷ በእንግሊዝኛ ጥላ ሥር ቋንቋዋን ለማቆየት የምትታገል አገር ናት። በአገራቸው ሬዲዮ የማይሰማው ቋንቋ እዚያ መድረክ ላይ ተዘፍኖ ተሸለመ።

በ1987 ሊቀመንበሩ የሲንጋፖርን ከፍተኛውን የኪነ ጥበብ ሽልማት፣ የባህል ሜዳልያን ተቀበሉ። ሜዳልያው የተቋቋመው በ1979 ነው፤ ዘመቻው በተጀመረበት በዚያው ዓመት። ያው መንግሥት በአንድ እጁ ቋንቋውን ከአየር ሞገድ አወረደ፣ በሌላ እጁ በዚያ ቋንቋ የሚዘፈነውን ሙዚቃ ሸለመ። ይህን እንደ ግብዝነት የሚያዩት አሉ። እኔ የማየው ቢሮዎች እንደሚሠሩት አድርጌ ነው፦ ቋንቋ የትምህርት ጉዳይ ነበር፣ ሙዚቃ ደግሞ የቅርስ ጉዳይ። ሁለቱ አንድ መሆናቸውን የሚያውቀው በማኅበሩ ቤት የተቀመጠው ሰው ነው።

ሊቀመንበሩ በ1992 ሞቱ። ከእሳቸው በኋላ የመጡት መሪዎች ሌላ በር ከፈቱ፤ ናንዪንን ከማላይና ከህንድ ሙዚቀኞች ጋር፣ ከውዝዋዜና ከመድረክ ብርሃን ጋር አገናኙ። በ1991 የተቋቋመው የብሔራዊ ኪነ ጥበብ ምክር ቤትም ለባህላዊ ኪነ ጥበብ ድጋፍ መስጠት ጀምሮ ነበር።

ምን ሠራ፣ ምን አልሠራም

ከሁሉ በላይ የሠራው በአንድ ጊዜ ሁሉንም አለመለወጥ ነው። ርዝመቱና የግጥሙ ጉዳይ ተለወጡ፤ መሣሪያውና አነጋገሩ ቆዩ። በዚህ ምክንያት ከሲንጋፖር የወጣ ተጫዋች ቹዋንዡ ሄዶ ከማያውቃቸው ሰዎች ጋር ቢቀመጥ አብሮ ሊጫወት ይችላል፤ የማያውቀው ዘፈን ይኖራል እንጂ የማያውቀው ሙዚቃ የለም። በ2009 ዩኔስኮ ናንዪንን በማይዳሰስ ቅርስነት ሲመዘግብ የፉጂያንን ሰዎች ብቻ ሳይሆን በባሕር ማዶ ያሉትን የሚናን (የደቡብ ፉጂያን) ሕዝቦችም መጥቀሱ ከዚህ ዓይነት ሥራ የተነሣ ነው ብዬ አምናለሁ።

የላንጎሌን ጉዞም ሠርቷል፤ የሠራው ግን በዌልስ ሳይሆን በሲንጋፖር ነው። ቤት ውስጥ እንደ ሽማግሌዎች ጨዋታ የሚታይ ነገር ከውጭ ሽልማት ይዞ ሲመለስ ጋዜጣውም ቢሮውም ዓይኑን ይገልጣል። መሆን የለበትም፤ ግን ይሆናል።

የማሳጠሩ ነገር ግማሽ በግማሽ ነው። አዲስ ሰው ሳይሰለች እንዲሰማ አድርጓል። በናንዪን ግን ዝግታው ጌጥ ሳይሆን ራሱ ይዘቱ ነው። ከቀርፋፋው እስከ ፈጣኑ ደረጃ ያለው የምት ሥርዓት አለ፤ በጣም ቀርፋፋው ላይ በሁለት የፓይባን ምቶች መካከል ያለው ጊዜ ረጅም ስለሆነ ተጫዋቾቹ እርስ በርስ በትንፋሽ መደማመጥ አለባቸው። የሙያው ጥልቅ ችሎታ የሚፈተነው እዚያ ነው። አጭር ዘፈን ወደ ፈጣኑ ምት ያደላል። በአጭር ብቻ ያደገ ተጫዋች ጣቱ ቢፈጥንም ያንን መደማመጥ የሚለማመድበት ቦታ ያጣል። የድሮ ተጫዋቾች ሲያጉረመርሙ የምሰማው ይህን ነው፤ ዘመናዊነትን በጭፍን መጥላት አድርጌ አልወስደውም።

ከሌሎች ሙዚቃዎች ጋር ማቀላቀሉ አዳራሽ ይሞላል። ዋሽንቱና ኤርሺየኑ ግን ድምፃቸው ለክፍል እንጂ ለአዳራሽ አልተሠራም። ማይክ ሲደረግላቸው ጉልህ ይሆናሉ፤ ከከበሮ ጋር ሲሰለፉ ግን የመጀመሪያው ተጎጂ የዋሽንቱ ደቃቅ መጠምዘዝ ነው። አጥንቱ ይሰማል፣ ሥጋው ይጠፋል። ማኅበሩ ከእነዚህ ዝግጅቶች ጎን ንጹሑን ናንዪን መጫወቱን ባይቀጥል ኖሮ ጉዳዩ ሌላ በሆነ ነበር።

ያልተፈታው ቋንቋው ነው። ዛሬ የሚማር ወጣት ብዙውን ጊዜ በእንግሊዝኛ ያስባል፣ ማንዳሪን በትምህርት ቤት ተምሯል፤ የዘፈኑን ቃል ግን በድምፁ ብቻ ይሸመድዳል። ትርጉሙ ይነገረዋል፣ ይገባዋልም። ነገር ግን አንድ ቃል ላይ ትንሽ መዘግየት ወይም ማላላት የሚመጣው ቃሉን በልጅነት ከሰማ ሰው ነው። በ2016 ለአረጋውያን ተብሎ የተሠራ የሆክየን ድራማ በመንግሥት ቴሌቪዥን ሲተላለፍ ብዙዎች ተደሰቱ፤ የዘመቻው ክርር ማለት እንደላላ ያሳያል። ለዘፋኞቹ ግን ሠላሳ ዓመት ዘግይቷል።

ሌላው ደካማ ጎን በአንድ ሰው መቆሙ ነበር። ግጥም የሚጽፈው፣ ደጅ የሚጠናው፣ አቅጣጫ የሚያወጣው አንድ ሰው ሲሆን ሥራው ይፈጥናል። እሱ ሲሄድ ግን ግጥሙ መጀመሪያ ይደርቃል። ከ1992 በኋላ የመጣው ትውልድ ጉልበቱን ከአዲስ ግጥም ይልቅ ወደ መድረክ ዝግጅት ማዞሩ በአጋጣሚ አይመስለኝም፤ በዚያ አነጋገር ግጥም ሊጽፍ የሚችል ሰው ማግኘት ከብዷል።

ለሌሎች የሚሆን

ዋሽንግተን ወይም ቴል አቪቭ ውስጥ ለልጆቻቸው ክራር ወይም መዝሙር የሚያስተምሩ ሰዎች ከዚህ ጉዳይ የሚወስዱት ይኖራል፤ መዝሙሩን በላቲን ፊደል ጽፎ የሚያጠና ልጅ እዚያም አለና።

መጀመሪያ የማይነካውን መወሰን ነው። ሲዮንግ ሌንግ የማይነካው መሣሪያውና አነጋገሩ ነው ብሎ ስለ ወሰነ ርዝመቱን በነፃነት ሊቆርጥ ቻለ። የማይነካው ነገር በግልጽ ካልተነገረ እያንዳንዱ ለውጥ በማኅበሩ ውስጥ ጠብ ይሆናል፤ ወይም ደግሞ ማንም ሳያስበው ሁሉም በትንሽ በትንሹ ይለወጣል። የሌላው ማኅበረሰብ የማይነካ ነገር ቋንቋ ላይሆን ይችላል፤ ቅኝቱ ወይም የሚጫወቱበት አጋጣሚ ሊሆን ይችላል።

ያጠረውን ለእንግዳ፣ ረጅሙን ለቤት ማድረግ ይቻላል። ለመድረክ አምስት ደቂቃ የተጫወተ ቡድን በሳምንት አንድ ማታ በሩን ዘግቶ ቀርፋፋውን ካልተጫወተ አጭሩም ከጊዜ በኋላ ይላላል። ይህን በሰዓት ሠሌዳ ማስገባት ያስፈልጋል፤ በበጎ ፈቃድ ብቻ ከተተወ መጀመሪያ የሚሰረዘው እሱ ነው።

ቋንቋ የሌለውን ልጅ በመሣሪያ በር ማስገባት ይቻላል። ናንዪን ቃል የሌላቸው፣ በመሣሪያ ብቻ የሚጫወቷቸው ረጅም ቅንብሮችም አሉት። ፒፓ የያዘ ልጅ ዓመታት ከተቀመጠ በኋላ ቃሉ በጆሮው ይገባል፤ በመጀመሪያው ቀን ቃሉን ያስጨነቁት ልጅ ግን በሁለተኛው ወር አይመጣም። ሆኖም ይህ በር ወደ ውስጥ ካላደረሰ ማኅበሩ ከጊዜ በኋላ ጥሩ የመሣሪያ ቡድን እንጂ ዘፋኝ አይኖረውም፤ መካከል ያለው ወንበር ባዶ ይሆናል።

ማኅበረሰቡ በሌላ ስም ከሚታወቅ ትልቅ ወንድሙ ጋር ራሱን መለየት አለበት። «የቻይና ሙዚቃ» በሚለው አንድ ሣጥን ውስጥ ናንዪን ድጋፍ ሲጠይቅ መልሱ «ኦርኬስትራ አለን» ነበር። ስሙን ለይቶ፣ መሣሪያውን ለይቶ፣ ልዩነቱን በሁለት ዓረፍተ ነገር ማስረዳት የሚችል ሰው በማኅበሩ ውስጥ መኖሩ ከአንድ ጥሩ ተጫዋች ያልተናነሰ ጥቅም አለው።

በመጨረሻም የመቅረጹ ጉዳይ አለ። የተጻፈው ኖታ የማይዘው ነገር ሁሉ ያለው በሽማግሌዎቹ ጉሮሮና ጣት ላይ ነው። ብዙ ማኅበራት የሚቀርጹት ኮንሰርቱን ነው፤ ለመማር የሚጠቅመው ግን ልምምዱ ነው። መምህሩ አንዱን ሐረግ ሦስት ጊዜ ሲደግመው፣ «እንዲህ አይደለም» ብሎ ሲያቋርጥ፣ ቃሉን መጀመሪያ ያለ ዜማ ሲጠራው መቅረጽ አለበት። ካሜራው በፒፓው ተጫዋች እጅ ትይዩ ይቀመጥ፣ ለዋሽንቱ ደግሞ የራሱ ማይክ ይሰጠው።